ግራሶውን ከማጠባችሁ በፊት አንብቡት

(አዳማ ውስጥ ለሹፌሮች፣ ለመካኒኮችና ለወፍጮ ቤት ሰዎች ካደረግኩት ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ)

እንደምን ዋላችሁ። ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከፊት የተቀመጡት አባቶች ጅቡቲ መስመር ላይ ፀጉራቸውን ያሸበቱ ናቸው። ከኋላ ያሉት ልጆች ገና ፒንሳ መያዝ የጀመሩ ናቸው። መሀል ላይ የወፍጮ ቤት ባለቤቶችና የባጃጅ ልጆች አያለሁ። ሁላችሁንም የሚያገናኛችሁ አንድ ነገር አለ። የሁላችሁም እጅ ግራሶ፣ ይህን ወፍራም የብረት ማለስለሻ ያውቃል።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት የጣሳ ክዳኖች አሉ። አሁን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ንኩት፣ አሽትቱት፣ ልብሳችሁን ብቻ ጠብቁ።

አንደኛው ክዳን ላይ ያለው አዲስ ነው። ትናንት ከጣሳ ያወጣሁት ነው። ሁለተኛው ከአንድ ተሳቢ የኋላ ጎማ ሞዞ ላይ፣ ማለትም ጎማው ከሚታሰርበት የመሀል ብረት ላይ የጠረግኩት ነው። ሦስተኛውን ከወፍጮ ኩሽኔታ ላይ፣ ዘንጉ በልስላሴ እንዲዞር ከሚይዘው ቀለበት ላይ በካቻቢቴ ፍቄ ነው ያነሳሁት። ሲጀመር ሦስቱም አንድ ነበሩ። ያው ሊቲየም የሚባለው፣ ቁጥር 2 የሚለው፣ ሁላችሁም የምትገዙት። አሁን ግን እዩዋቸው። ሁለተኛው ክዳኑን ስታዘነብሉት እንደ ማር ይወርዳል። ሦስተኛውን ብትገለብጡትም አይወድቅም። ጥቁር ነው። ተሰነጣጥቋል። ድስት ውስጥ ያረረ የቆየ ቅቤ ይሸታል።

ሁለቱም ሞተዋል። አሟሟታቸው ግን ለየቅል ነው። አንዱን የገደለው ድብደባ ነው። ሌላውን የገደለው ሙቀት ነው። ኩሽኔታ ስትፈቱ መጀመሪያ የምታደርጉት ምንድን ነው? ባልዲ ናፍጣ ውስጥ መንከር። እኔ የምለምናችሁ አንድ ደቂቃ ነው። ከማጠባችሁ በፊት ግራሶውን አንብቡት። እዚያ ውስጥ ሲሆን የነበረውን ሁሉ ያየ ምስክር እሱ ነው።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ ወፍጮ ቤት በረዳትነት እሠራ ነበር። አንድ ቀን የዘንጉ ኩሽኔታ መጋል ጀመረ። «ግራሶ ጨምርበት» ተባልኩ። ጨመርኩ። በሁለቱም በኩል እስኪተፋ ድረስ ጨመርኩ። በማግስቱ ባሰበት። አሁንም ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ኩሽኔታው ጮኸና ነከሰ። ዘንጉም ተፋቀ። ደጁ ላይ ጤፋቸውን ተሸክመው የተሰለፉ እናቶች ነበሩ። ጆንያቸውን መልሰው ተሸክመው ሲሄዱ ቆሜ አየሁ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ምን አደረግኩ? ኩሽኔታውን አውጥቼ በናፍጣ አጠብኩት። ብረቱ ንጹህ ሆነ። ለምን እንደተቃጠለ የሚነግረኝን ነገር ግን አጥቤ ደፋሁት። አዲስ ኩሽኔታ ገባ፤ እኔም በዚያው አሠራር እንደገና እስኪተፋ ሞላሁት። እሱም ብዙ አልቆየም።

እስቲ ከመሠረቱ እንጀምር። ብዙ ሰው ግራሶ ማለት ወፍራም ዘይት ይመስለዋል። አይደለም። ግራሶ ዘይት የያዘ ሳሙና ነው። ከመቶ ከ70 እስከ 95 እጁ ዘይት ነው። የቀረው ማወፈሪያው ነው፤ በአብዛኛው ሳሙና። ትንሽ ደግሞ ቅመም አለበት፤ ዝገት የሚከላከል፣ መበላትን የሚቀንስ፣ ዘይቱ ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጠብቅ።

እንጀራን አስቡ። ዓይኑ የወጣ እንጀራ ወጥ ይይዛል። በጣት ጫን ስትሉት ወጡ ይወጣል፤ ስትለቁት የተወሰነውን መልሶ ይመጠዋል። ወጡ ዘይቱ ነው። እንጀራው ሳሙናው ነው። ኩሽኔታውን የሚያለሰልሰው በዋናነት ዘይቱ ነው። የሳሙናው ዋና ሥራ ዘይቱን ይዞ መቆየትና በልክ በልክ መስጠት ነው። ይህቺን ምሳሌ ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስባታለሁ።

ሳሙናው ከምን እንደሚሠራ ጠባዩን ይወስነዋል። ከስብና ከኖራ የሚሠራው የካልሲየም ግራሶ ውሃን ይችላል፤ የድሮው ዓይነት ግን ሙቀት ላይ ደካማ ነው። የሶዲየም ሳሙና ሙቀትን ከእሱ ይሻላል፤ ግን እንደ ልብስ ሳሙና ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ሊቲየሙ መሀል ቤት ሆኖ ሁለቱንም ይችላል። ስለ ሊቲየሙ ሁሌ የሚደንቀኝ ነገር አለ። ሳሙናው የሚሠራበት የስብ አሲድ በአብዛኛው የሚገኘው ከጉሎ ዘይት ነው። አዎ፣ እናቶቻችን ምጣድ የሚያሟሹበት ጉሎ! ዘይቱ ፋብሪካ ውስጥ ሃይድሮጂን ተጨምሮበት ይጠነክራል። ከዚያ የሚወጣው አሲድ ከሊቲየም ጋር ተዋህዶ ሳሙና ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የመጣ ግራሶ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚመረተው የእሱ ቤተሰብ ነው።

አሁን ወደ ድብደባው እንግባ።

ሳሙናው በኃይለኛ ማይክሮስኮፕ ሲታይ የተባዘተ ጥጥ ይመስላል። እጅግ የቀጠኑ ክሮች ተጠላልፈው፣ ዘይቱን በመሀላቸው አቅፈው ይታያሉ። አሁን ይህ ባዘቶ ሁለት ብረቶች መሀል ገባ እንበል። አንድ የጭነት መኪና ጎማ አንዴ ሲዞር ከ3 ሜትር ትንሽ በለጥ ያለ መንገድ ይሄዳል። በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 30 ሺህ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ዙር የኩሽኔታው ሮለሮች፣ ቀለበቱ ውስጥ የሚንከባለሉት ብረቶች፣ ተራ በተራ በግራሶው ላይ ያልፋሉ። ሮለሩና ቀለበቱ በሚነካኩበት ጠባብ ቦታ ያለው ግፊት 1 ጊጋ ፓስካልና ከዚያ በላይ ይደርሳል። እኛን ከላይ ከሚጫነን አየር ወደ 10 ሺህ እጥፍ ነው። እዚያ ቦታ ብረትን ከብረት የሚለየው የዘይት ሽፋን ብዙ ጊዜ ከአንድ ማይክሮን አይበልጥም። የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ይወፍራል። ከዚያ ተነስታችሁ አስቡት።

ክሮቹ በዚህ ወፍጮ ውስጥ ሲያልፉ ይበጠሳሉ። ረጅሙ ያጥራል። የተጠላለፈው ይፈታል። ፍርፍር ስትሠሩ አላያችሁም? መጀመሪያ ቁራሹ ቅርጹን እንደያዘ ነው። ደጋግማችሁ ባማሰላችሁት ቁጥር ግን ይላቃል፤ መጨረሻ ላይ እንጀራውና ወጡ አይለይም። ግራሶም እንደዚያ ነው። ክሩ ሲበጠስ ዘይቱን መያዝ ያቅተዋል። ግራሶው ይላላል። ይቀጥናል። መከልከያውን ጎማ አልፎ ይወጣል። የፍሬን ሸራ ላይ ከደረሰ ደግሞ ነገሩ የኩሽኔታ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል፤ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ክዳን ላይ ያለው ይኸው ነው። ቀለሙን እዩት። ብዙም አልጠቆረም። ሽታውም ያን ያህል አልተለወጠም። አልተቃጠለም፤ ተደብድቦ ላልቷል። ቀለሙ እንዳለ ሆኖ ከቀጠነ መጀመሪያ ድብደባን ጠርጥሩ። ከዚያ ደግሞ ሁለት ነገር ጠይቁ። ሌላ ዓይነት ግራሶ ተቀላቅሎበታል? ናፍጣ ወይም ውሃ ገብቶበታል? እነሱም ያቀጥናሉና።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ድብደባው ሁሉ ክፉ አይደለም። አዲስ ግራሶ ሲገባ መጀመሪያ ይታመሳል። ሮለሮቹ አብዛኛውን ወደ ጎንና ወደ ጎን ይገፉታል። በዚህ ጊዜ ኩሽኔታው ትንሽ ይሞቃል። በኋላ ይረጋጋል። ጎን ላይ የተቀመጠው ግራሶ እንደ ጎተራ ሆኖ ዘይቱን ቀስ በቀስ ይሰጣል። ስለዚህ ግራሶ በተቀየረ ማግስት ትንሽ ሙቀት ብታዩ አትደንግጡ። መደንገጥ ያለባችሁ ሙቀቱ ሳይወርድ ሲቀር ነው።

ግራሶ ድብደባ መቻሉ በላቦራቶሪ ይለካል። ጣሳው ላይ ያለው ቁጥር 2 ምን ማለት እንደሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? የጥራት ደረጃ አይደለም። የወፍራምነት ቁጥር ነው። ግራሶው በ25 ዲግሪ ሙቀት ላይ ይደረጋል። ቀዳዳ ባለው ሳህን 60 ጊዜ ይመታል። ከዚያ ሾጣጣ ብረት ለ5 ሰከንድ እንዲሰምጥበት ይለቀቃል። ከ26.5 እስከ 29.5 ሚሊ ሜትር ከሰመጠ ቁጥር 2 ይባላል። ከ31 እስከ 34 ከሆነ ቁጥር 1 ነው። ጥሩው ፈተና የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ያንኑ ግራሶ 10 ሺህ ወይም 100 ሺህ ጊዜ ይመቱትና እንደገና ይለኩታል። ደህና ግራሶ ቁጥሩ ብዙ አይንቀሳቀስም። ደካማው ሲገባ ቁጥር 2 የነበረው ሲወጣ ቁጥር 1 ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። ይህ መረጃ በአምራቹ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ስትገዙ ጠይቁ። ባለሱቁ ባያውቀውም ጠይቁ። ብዙ ሰው ሲጠይቅ ማምጣት ይጀምራል።

ሌላም ነገር አለ። ቁጥር 2 ውስጡ ያለው ዘይት ይወፍር ይቅጠን አይነግራችሁም። ከከተማችን በላይ ያሉትን የነፋስ ማመንጫዎች ሁላችሁም ታዩዋቸዋላችሁ። አዳማ አንድ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው 51 ሜጋ ዋት ነው፤ አዳማ ሁለት በ2015 የተመረቀው 153። የእነዚህ ክንፎች በደቂቃ ወደ 20 ዙር ቢዞሩ ነው። የወፍጮ ሞተር ደግሞ በደቂቃ ወደ 1,450 ይዞራል። ቀስ ብሎ ከባድ ጭነት የሚሸከም ኩሽኔታ ወፍራም ዘይት ያለው ግራሶ ይፈልጋል። ቶሎ የሚዞር ቀጠን ያለ ይፈልጋል። ጣታችሁ ላይ ሁለቱም እኩል ወፍራም ሊመስሏችሁ ይችላሉ።

አሁን ሙቀት። እኔ ብዙ ኩሽኔታ ሲገድል ያየሁት እሱን ነው።

ሙቀት ግራሶ ላይ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል። አንደኛ ዘይቱ ቀጥኖ ከሳሙናው ቶሎ ይለያል። ሁለተኛ ቀለል ያለው የዘይት ክፍል ይተንናል። ሦስተኛውና ዋናው ደግሞ ዘይቱ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል። ቅቤ ሳይነጠር ሙቀት ላይ ሲከርም ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ሽታው ይለወጣል፤ ይጎመዝዛል። የግራሶ ዘይትም እንዲሁ ነው። አሲድ ይፈጠርበታል። ይጠቁራል። ከዚያ እንደ ቫርኒሽ ብረቱ ላይ ይጋገራል።

አምራቾች ይህን ለመከላከል መጠበቂያ ቅመም ይጨምራሉ። እንደ ዘበኛ አስቡት። ኦክስጅን ሲመጣ ከዘይቱ ፊት ቆመው እነሱ ይመታሉ። ተራ በተራ ይወድቃሉ። ዘበኞቹ እስካሉ ድረስ ግራሶው ደህና ይመስላል። ምንም ለውጥ አታዩም። የመጨረሻው ሲወድቅ ግን መበላሸቱ በአንድ ጊዜ ይፈጥናል። «ትናንት ደህና ነበረ እኮ!» የምትሉት ለዚህ ነው። ትናንትማ ዘበኞቹ እያለቁ ነበር። ከብረቱ የሚረግፈው ዱቄት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ብረትም መዳብም ይህን ውህደት ያፋጥናሉ።

ስንት ይፋጠናል? የኩሽኔታ ሰዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ሂሳብ አለ። ተራው የሊቲየም ግራሶ ከ70 ዲግሪ በላይ በእያንዳንዱ 15 ዲግሪ ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። በ70 ዲግሪ 8 ወር የሚቆይ ከሆነ በ85 ዲግሪ 4 ወር ነው። በ100 ዲግሪ 2 ወር። በ115 ዲግሪ 1 ወር። ኩሽኔታው አንድ ነው፤ ግራሶው አንድ ነው፤ ሙቀቱ ብቻ ነው የተለወጠው። አዋሽን አልፋችሁ አፋር ስትገቡ አየሩ ራሱ 40 ዲግሪን ያልፋል። ኩሽኔታው ያንን ሙቀት ወደ ውጭ መጣል ያቅተዋል። ስለዚህ «ግራሶ የሚቀየረው በዚህን ያህል ጊዜ ነው» የሚል አንድ ቁጥር ለሁሉም መኪና መስጠት አይቻልም። ደጋ የሚሠራና ቆላ የሚሠራ እኩል አይደሉም።

ቁልቁለቱን ደግሞ አስሉ። 40 ቶን የሚመዝን መኪና 100 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 39 ሜጋ ጁል ነው። ሞተሩ ካልያዘው አብዛኛው ፍሬን ላይ ሙቀት ይሆናል። ይህ ሙቀት ወደ ስድስት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ ከ20 ዲግሪ እስኪፈላ ያደርሳል። የፍሬኑ ታምቡር ይግላል። ታምቡሩ የታሰረው ሞዞው ላይ ነው። ሞዞው ውስጥ ያለው ኩሽኔታው ነው። ሙቀቱ ብረት ብረቱን ይዞ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ቆማችሁ ሻይ ስትጠጡ ግራሶው ገና እየሞቀ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከፍሬን ይልቅ በማርሽ የሚወርድ ሹፌር ግራሶውንም ያድናል።

ሱቅ ውስጥ አንድ ነገር ትሰማላችሁ። «ይሄ 190 ዲግሪ ይችላል!» ይህ አነጋገር ብዙ ሰው አሳስቷል። ያ ቁጥር የመንጠብጠቢያ ሙቀት ነው። ግራሶው በፈተና ላይ መያዝ አቅቶት የመጀመሪያዋ ጠብታ የምትወርድበት ነው። የተራ ሊቲየም ወደ 190 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሊቲየም ኮምፕሌክስ የሚባለው ደግሞ 260 አካባቢ ይደርሳል። ይህ ማለት እዚያ ሙቀት ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። ተራ ሊቲየምን ከ120 ዲግሪ በላይ አዘውትሮ ማሠራት ዕድሜውን መብላት ነው። እንጀራው ባይቃጠልም ወጡ ከደረቀ ምን ይጠቅማል? ድርቆሽ ነው የሚቀረው። ሦስተኛው ክዳን ላይ ያለው ድርቆሽ ነው። ኩሽኔታ ውስጥ ያለ ግራሶ ከዘይቱ ግማሽ ያህሉን ካጣ አበቃለት ይባላል። ቦታው ላይ ግራሶ አለ። ዓይናችሁ ያየዋል። የሚያለሰልስ ግን የለም።

ሁለቱ ገዳዮች ደግሞ ይረዳዳሉ። ግራሶው ከበዛ ሮለሮቹ መውጫ አጥተው እንደ ሊጥ ያቦኩታል። ማቡካቱ ሙቀት ይፈጥራል። ሙቀቱ ዘይቱን ያቀጥናል። የቀጠነው ያመልጣል። የቀረው ይደርቃል። የደረቀው ፍትጊያ ያመጣል፤ ፍትጊያው ሙቀት ይጨምራል። ያ የወፍጮ ኩሽኔታ የሞተው እንዲህ ነበር። ሲሞቅ ግራሶ ጨመርኩ። ስጨምር ሞቀ። ይህን ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ግራሶውን አይቼው ቢሆን ኖሮ ዳሩ ላይ የላላ፣ መሀሉ ላይ የተጋገረ አገኝ ነበር።

ስንት ይበቃል ታዲያ? ለሚጨመር ግራሶ ቀላል ስሌት አለ። የኩሽኔታውን የውጭ ስፋትና ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ታባዛላችሁ። ያገኛችሁትን በ0.005 ታባዛላችሁ። ውጤቱ ግራም ነው። 6308 የሚባለው ኩሽኔታ ውጪው 90 ነው፤ ውፍረቱ 23። ወደ 10 ግራም ይመጣል። ፓምፓችሁ በአንድ ግፊት ስንት ግራም እንደሚያወጣ ለማወቅ 10 ጊዜ ወረቀት ላይ ግፉትና መዝኑት፤ ለ10 አካፍሉት። አብዛኛው የእጅ ፓምፕ ወደ አንድ ግራም ያወጣል። እኔ በልጅነቴ ምናልባት 60 ጊዜ ገፍቻለሁ።

ሞዞ ስትሞሉም እንዲሁ ነው። ግራሶውን በመዳፋችሁ ይዛችሁ ከሮለሮቹ ሰፊ ጎን በኩል ጫን ጫን አድርጉት። በሌላው በኩል እስኪወጣ ግፉ። ሮለሮቹ መሀል ይሙላ። የሞዞው ባዶ ሆድ ግን እስከ አፉ መሞላት የለበትም። ግራሶውም አየር ይፈልጋል፤ የሚገፋበት ቦታ ይፈልጋል።

ከናፍጣ እጥበት በኋላ ሳይደርቅ ግራሶ የምትቀቡ አላችሁ። እባካችሁ ተዉት። እዚያ የቀረው ናፍጣ ከአዲሱ ዘይት ጋር ይቀላቀላል፤ ግራሶው ገና ሳይጀምር ይላላል። በንጹህ ጨርቅ ጥረጉና ይድረቅ። በአየር መጭመቂያ ኩሽኔታውን እያስፉጨ የሚያሽከረክር ልጅም አይቻለሁ። ቅባት የሌለው ኩሽኔታ በዚያ ፍጥነት ይቧጨራል፤ ከፈነዳም ሰው ይጎዳል።

ስለ መቀላቀልም ልናገር። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ የሚባለው ቀለም ብቻ ነው። የሳሙናው ዓይነት በቀለም አይታወቅም። ሁለት ደህና ግራሶዎች ተቀላቅለው አንድ መጥፎ ግራሶ ሊወጣቸው ይችላል። ለምሳሌ ሊቲየምና ሶዲየም አይስማሙም። ሊቲየምና ከሸክላ አፈር የሚሠራው ቤንቶናይትም እንዲሁ። ዓይነት ስትቀይሩ አሮጌውን ጨርሳችሁ አውጡ።

እዚህ ላይ ጥያቄ ተቀበልኩ።

አንድ አባት ተነሱ። «ልጄ፣ እኔ መንገድ ላይ ስቆም በእጄ ነው የምነካው። ልክ ነው?» አሉኝ። ልክ ነዎት አባባ፤ ግን በጥንቃቄ ያድርጉት አልኳቸው። መጀመሪያ መዳፍዎን ከሞዞው ትንሽ አርቀው ግለቱን ይሞክሩ። መንካት ከቻሉና እጅዎ መቆየት ካቃተው ወደ 60 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጠብታ ውሃ ጣል ሲያደርጉበት ከተንጨረጨረ ደግሞ ከመፍያ በላይ ነው። አዳማ ላይ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆንን ውሃ የሚፈላው ወደ 95 ዲግሪ ገደማ ነው። ዋናው ግን ማወዳደሩ ነው። ግራና ቀኙን ይንኩ። አንዱ ብቻ ከጋለ ችግሩ እዚያ ነው።

አንድ የባጃጅ ልጅ ደግሞ ላቫጆ ካሳጠበ በኋላ የጎማው ኩሽኔታ ለምን እንደሚጮህ ጠየቀኝ። በከፍተኛ ግፊት የሚረጨው ውሃ መከልከያውን ጎማ አልፎ ይገባል። ውሃ የገባበት ግራሶ እንደ ወተት ይነጣል። ቧንቧውን ሞዞው ላይ በቀጥታ አታስደግኑ። በነፋሱ ወራት ደግሞ አቧራው አለ። በጣት ስታሹት የሚቆረቁር ግራሶ አሸዋ ይዟል። እሱን መሙላት ሳይሆን አውጥቶ መጣል ነው።

አንድ መካኒክ «ጥቁር ግራሶ ሁሉ የተቃጠለ ነው እንዴ?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አይደለም። ሞሊብዲነም ያለበት ግራሶ ከጣሳው ሲወጣም ጥቁር ነው። ለዚህ ነው የአዲሱን ናሙና አጠገቡ አድርጋችሁ አወዳድሩ የምለው። ጥቁረቱን ብቻ አትመኑ። ሽታውን፣ ልስላሴውን፣ ዘይቱን አብራችሁ እዩ።

ጣሳ ሲከፍት ላዩ ላይ ዘይት ተንሳፍፎ የሚያገኝ አንድ ልጅም ነበር። ተበላሽቶ ነው ወይ አለኝ። ትንሽ ከሆነ መልሰህ አማስለው፤ ጤነኛ ነው። ስትጨልፍ ደግሞ ጉድጓድ አትተው፤ ላዩን ደልድለው። ዘይቱ ወደ ጉድጓዱ ይሰበሰባልና።

በመጨረሻ አንድ ወረቀት አወጣሁ። ትናንት ማታ ቤቴ ውስጥ ጽሑፍ የሌለበት ነጭ ወረቀት ላይ ከሦስቱ ክዳኖች የሽምብራ ፍሬ የሚያህል አኑሬ ነበር። ሌሊቱን አደረ። በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዤ አሳየኋቸው። ከአዲሱ ግራሶ ዙሪያ ልከኛ የዘይት ክብ ተዘርግቷል። ከላላው ዙሪያ ክቡ በጣም ሰፍቷል፤ ዘይቱን የሚይዝለት ክር የለውማ። ከደረቀው ዙሪያ ያለው ግን እንደ ክር የቀጠነ መስመር ነው። አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ሦስተኛዋን ጠብታ በጣታቸው እያሳዩ «የእኔም ወፍጮ እንዲህ ነው የሆነው። ባለፈው ሳምንት አጠብነው» አሉ።